ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ ላብ፦ የእርጥብ ወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ቦክስ ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

የጓሮዋ ወርክሾፕ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን በራሱ የሚቆርጠው ማጥፊያ) ጠዋት ጠዋት ይወድቃል። ማታ ዝናብ ከጣለ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወራት እንዲህ ኖርኩ። ጥፋቱ የራሱ የአርሲዲው መስሎኝ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፤ አዲሱም በማግስቱ ወደቀ። ኪሳራ ቁጥር አንድ። ለካ ሥራውን እየሠራ ነበር። 30 ሚሊአምፒር የተጻፈበት አርሲዲ ከ15 በላይ ሲያልፍ መውደቅ ይችላል፣ 30 ሲደርስ ደግሞ መውደቅ ግዴታው ነው። የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ከቤት በኩል ያለውን ዋና ማጥፊያ አጥፍቼ ቆለፍኩትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለው ሶኬት ሞከርኩት፣ ቀጥሎ ወርክሾፑን፣ ከዚያ ተመልሼ ያንኑ ሶኬት። የሞተ ቴስተር "መስመሩ ሞቷል" ብሎ ሰው ያስገድላል።

አሮጌው ቦክስ ለደረቅ ሳሎን ግድግዳ የተሠራ ተራ የፕላስቲክ ቦክስ ነው። ክዳኑን ሳነሳ የሸረሪት ድርና የእንጨት ብናኝ ተጣብቀው እንደ ስስ ጨርቅ አብረው ተነሡ። የብሎኖቹ ራስ ዝጎ ካቻቢቴ አይዝም። የመዳብ ሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ያስደነገጠኝ ግን ከፌዙ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ) ተርሚናል ተነሥቶ እስከ ኤርዙ (ወደ መሬት እስከሚወስደው) የተዘረጋ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። በጣቴ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። ፕላስቲኩ ራሱ ነው የከሰለው። የረጠበ ብናኝ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ያ ያሞቀዋል፣ ፕላስቲኩ ይከስላል፣ ከሰሉ ደግሞ ከብናኙ የበለጠ ያሳልፋል። እንጨት በሞላበት ክፍል ውስጥ ይሄ የእሳት መጀመሪያ ነው።

ቦክሱ ይቀየራል። እስከዚያ ወርክሾፑ ጨለማ ይሁን።

ሳምንት 2

ቦክስ ፍለጋ። ሻጩ ግራጫ ቦክስ አንሥቶ "ይሄ አይፒ 65 ነው፤ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም ግድ የለውም" አለኝ። ገዝቼው ቤት ገባሁና ሳነብ ሁለተኛው ነገር ልክ አይደለም።

አይፒ ቦክሱ ጠጣር ነገርንና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ቁጥር ነው፤ የሚወጣው አይኢሲ 60529 ከተባለው ስታንዳርድ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ የጠጣር ነገር ነው፦ 2 ከሆነ ጣት አይገባም፤ 4 ከሆነ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ አይገባም፤ 5 ከሆነ አቧራ ሥራ እስኪያበላሽ ድረስ አይገባም፤ 6 ከሆነ ጨርሶ አይገባም። ሁለተኛው የውሃ ነው፦ 4 ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚረጭ፤ 5 በ6.3 ሚሊሜትር አፍንጫ በደቂቃ 12.5 ሊትር ለሚለቀቅ፤ 6 በ12.5 ሚሊሜትር አፍንጫ በደቂቃ 100 ሊትር ለሚለቀቅ። መነከር የሚጀምረው 7 ላይ ነው፤ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 30 ደቂቃ። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፦ 67 የተባለ ቦክስ የግድ የ65ን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም። መነከርና በግፊት መመታት የተለያየ ፈተና ነው፤ ሁለቱንም ያለፈ ከሆነ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍበታል።

ለእኔ መነከር አያስፈልገኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ከእጅ መታጠቢያው የሚፈናጠቀውና አልፎ አልፎ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ነው፤ ለዚህ 4 ይበቃል። የእንጨት ብናኙ ግን ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው አሃዝ ቢያንስ 5 መሆን አለበት። ስለዚህ 65 ለእኔ ከበቂ በላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ርካሽ ኤቢኤስ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ የሚያሳይ፣ አሥር ሊትር ገደማ የሚይዝ።

ሳምንት 3

ገጠማ። የሠራሁትን ስህተት በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በኋላ ሁሉም ተራ በተራ መጥቶ ሒሳቡን ጠይቆኛልና።

ቀዳዳውን በእንጨት መሰርሰሪያ በሳሁ። ጠፍጣፋው ምላስ ፕላስቲኩን ነክሶ አንዱን ጥግ ሰነጠቀው። ስንጥቁን በሲሊኮን ደፈንኩት። ሲሊኮኑ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ነበር፤ ያ ሽታ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ነው፣ መዳብ ይበላል። ለኤሌክትሪክ ሥራ ኒውትራል የሚባለው የማይሸተው ነው የሚያስፈልገው።

ቦክሱን ግድግዳው ላይ ያሰርኩት ጀርባውን ከውስጥ አራት ቦታ በስቼ፣ በፊሸርና በብሎን ነው። ጀርባው እርጥብ ግድግዳ፣ አራት ቀዳዳ፣ 65 የሚለው ቁጥር እዚያው ሞተ። ከዚያም ሌላ ጣጣ አለው፦ የፕላስቲክ ቦክስ ጥሩነቱ ከውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ የሚወጣበት ብረት አለመኖሩ ነው። እኔ አራት የብረት ብሎን ከውስጥ ወደ እርጥብ ግድግዳ ሰደድኩ።

ኬብሎቹን ከላይ አስገባሁ፤ ከቤት የሚመጣው ኮንዲዊት (ኬብል የሚያልፍበት ቧንቧ) በዚያ በኩል ስለሚቀርብ። አንዱ ግላንድ ውስጥ ደግሞ ሁለት ኬብል አጎርኩ። ግላንድ ማለት አንድ ክብ ኬብል ዙሪያውን የሚጨምቅ ጎማ ነው፤ ሁለት ኬብል ሲገባ መካከላቸው ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በናስትሮ ጠቀለልኩት። አዎ፣ አውቃለሁ።

ሳምንት 4

የአትክልት ጎማ ይዤ ሦስት ደቂቃ ቦክሱ ላይ ለቀቅኩ፤ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ነው። ከፈትኩት፤ ደረቅ። ያን ሁሉ ስህተት ይዞ ማለፉ ትዕቢት አሳደረብኝ። አርሲዲው ተነሣ፣ መብራት በራ፣ ግራይንደሩ ዞረ። ጨረስኩ ብዬ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ።

ሳምንት 6

አርሲዲው ዛሬ ጠዋት ወደቀ። ዝናብ የለም። ለአምስት ቀን አልዘነበም።

በሚያሳየው ክዳን በኩል ስመለከት ከውስጥ ጠብታ ነው። የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል። አጥፍቼ ከፈትኩት፦ ክዳኑ በጠብታ ተሞልቷል፣ ጠብታዎቹ ተጋጥመው በጎን ወርደው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። በስፖንጅ አነሣሁትና መጠኑን ለካሁ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ።

መጀመሪያ ግላንዶቹን ጠረጠርኩ። በእያንዳንዱ ግላንድ ሥር ቁራጭ ሶፍት ለጥፌ ዘግቼው አደርኩ። ውሃ የሚያስገባ ካለ ያ ሶፍት ይረጥባል፣ የውሃ መስመርም ይተዋል። በነጋታው ሶፍቶቹ ደረቅ፣ ክዳኑ እርጥብ። ውሃው ከውጭ እየገባ አይደለም። ቦክሱ ከውስጥ ያልበዋል። ስታንዳርዱን ደግሜ ሳነበው፣ ፈተናው ከውጭ ስለሚመጣ ውሃ እንጂ ውስጥ ስለሚፈጠር ጤዛ፣ ስለ ዝገት፣ ስለ ፀሐይ ምንም እንደማይል ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ክፍሉን በእርጥበት መለኪያ ለካሁ። ከሰዓት 25 ዲግሪ፣ እርጥበት 70 በመቶ። እንዲህ ያለ አየር 19 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ከነካ ጤዛ ይጥላል። ሌሊት ግድግዳው 15 ይወርዳል። ስለዚህ ማላቡ አይቀርም።

ግን ሁለት ማንኪያ? እዚህ ላይ ቆሜ ወረቀት አወጣሁ። በ25 ዲግሪና በ70 በመቶ አንድ ሜትር ኩብ አየር 16 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። የእኔ ቦክስ አሥር ሊትር ነው፤ የሚይዘው 0.16 ግራም፤ ሦስት አራት ጠብታ ቢሆን ነው። ታሽጎ የቀረ አየር ሁለት ማንኪያ አይወልድም። አንድ የሚመግበው ነገር አለ።

ሳምንት 7

ማስታወሻውን አሳይቼ ምክር የጠየቅኳቸው ከኔ ብዙ የሚበልጡ ኤሌክትሪሺያን መጡ። ቦክሱን ሳይነኩ በፊት "ይሄ ቧንቧ ሌላኛው ጫፉ የት ነው?" አሉኝ።

"ቤት ውስጥ ነው ጋሼ፣ ማዕድ ቤቱ ጀርባ ካለው ቦርድ ነው የሚነሣው።"

"ጫፉን ደፍነኸዋል?"

አልደፈንኩም። ቀጭን የሶፍት ክር ቀደው ኮንዲዊቱ ቦክሱ ውስጥ የሚያበቃበት አፍ ላይ ያዙት። ክሩ ወደ ቦክሱ ውስጥ ተነፈሰ። ድስት ከተጣደበት ክፍል የተነሣ ሞቃት እርጥብ አየር ቧንቧውን ይዞ፣ ከመሬት በታች አልፎ፣ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ቦክስ ውስጥ እየገባ ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ ይጥላል። እኔ ከውጭ ያለውን ዝናብ ስዋጋ ሰንብቻለሁ።

ሁለቱንም ጫፍ ደፈንን። ሲሊኮን አይደለም፣ ሳይደርቅ እንደ ሊጥ የሚቆይ ማሸጊያ ነው፤ ነገ ሌላ ሽቦ መሳብ ቢያስፈልግ በጣት ይወጣል።

ለመሞከር ያህል እርጥበት የሚመጥ ደረቅ ሲሊካ ጄል 50 ግራም በከረጢት ውስጡ አስቀመጥኩ። በስምንት ቀን 59 ግራም ሆነ። ውሃው ቀንሷል፣ አልቀረም። ሲሊካ ጄል ጠግቦ ያቆማል፤ በየሳምንቱ ምድጃ ላይ ማድረቅ ደግሞ መፍትሔ ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው። የቀረው እርጥበት የሚመጣው ከቦክሱ መተንፈስ ነው፦ ቀን ሲሞቅ አየሩ ሰፍቶ በየቀዳዳው ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ከክፍሉ እርጥብ አየር ይስባል። በደንብ የታሸገ ቦክስ ይሄን አያቆምም። ጎማው አጠገብ ውሃ ካለ ውሃውንም አብሮ ይስበዋል፣ የገባው ደግሞ መውጫ የለውም።

ሳምንት 8

የመጀመሪያው ቦክስ ተሰናበተ። ኪሳራ ቁጥር ሁለት፣ ከነግላንዶቹ። ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው አራት ቦታ የተበሳ፣ ሲሊኮኑ ያረፈበት መዳብ ጠቁሮ የቀረ። አንድ ጣውላም ሳሳልፍ ክዳኑን ነክቶት ሌላ ስንጥቅ ጨምሮበታል። የመመታት ደረጃ ለብቻው አለ ለካ፦ አይኬ ይባላል። አይኬ 08 ማለት 1.7 ኪሎ ክብደት ከ30 ሳንቲሜትር ሲወርድበት ይችላል፤ አይኬ 10 ደግሞ 5 ኪሎ ከ40 ሳንቲሜትር። የእኔ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። ሰው ጣውላና ብረት ተሸክሞ በሚያልፍበት ክፍል ይሄ ቁጥር ከውሃው ቁጥር እኩል መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እኔ ጠንካራ የላሜራ ቦክስ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ላሜራ ደረቅ ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። እዚህ ግን በበሳኸው ቁጥር ቀለሙን ትገፈዋለህ፣ ከዚያ ይዝጋል። ቦክሱን ኤርዝ ታደርጋለህ፣ በሩንም ለብቻው በሽቦ ኤርዝ ታደርጋለህ። ያ ሽቦ አንድ ቀን ቢበጠስ ማን ያውቃል? እጅህ ነው የሚያውቀው።"

አይዝጌ ብረት ቢሆንስ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩ፤ ጥያቄዬን መልሼ ዋጥኩ። ፋይበርግላስ ጥሩ ነው፣ ግን ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ቆዳም ሳንባም ያሳክካል። በመጨረሻ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ወሰድኩ፤ አይፒ 66፣ አይኬ 08። ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሦስት ነገር አይቼ ነው የመረጥኩት፦ ማሰሪያ ጆሮዎቹ ከውጭ ናቸው፣ የክዳኑ ብሎኖች ከጎማው ውጭ ናቸው፣ የግርጌው ጎን ለግላንድ የሚሆን ሜዳ አለው።

መጠኑ ላይም ስስት ተውኩ። የታሸገ ቦክስ ሙቀት አያስወጣም። ብሬከሮች በአብዛኛው የሚለኩት 30 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ጢቅ ብለው ከተደረደሩ ከተጻፈባቸው አምፒር በታች ይወድቃሉ። ግማሹ ባዶ የሚቀር ቦክስ ገዛሁ።

ሳምንት 10

ቦታ ቀየርን። አሮጌው ቦክስ የነበረበት ግድግዳ ጀርባው አፈር ነው፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ሁልጊዜ እርጥብ። አዲሱ በውስጠኛው ግድግዳ፣ ከመታጠቢያው ርቆ፣ በደረት ከፍታ ተሰቀለ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ አላረፈም። ሁለት ቋሚ የፕላስቲክ ቁራጭ መጀመሪያ አስሬ ቦክሱ በእነሱ ላይ ነው፤ ከጀርባው ሁለት ሳንቲሜትር አየር ያልፋል።

ሁሉም ኬብል ከታች ይገባል። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ቦክሱን አልፎ ዝቅ ብሎ፣ ታጥፎ ተመልሶ ነው የሚገባው፤ በኬብሉ ላይ የሚወርድ ጠብታ በዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም።

ቀዳዳውን በዚህ ጊዜ ደረጃ ደረጃ ባለው ሾጣጣ መሰርሰሪያ በሳሁ፤ ድሪሉን በዝግታ። 20 ሚሊሜትር ሲደርስ ንጹህ ክብ ወጣ። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት። ለአንድ ኬብል አንድ ግላንድ። ኤም 20 የሚባለው ግላንድ የኬብሉን ውፍረት ይመርጣል፤ እኔ የገዛሁት ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ይላል። የመብራቱ ኬብል ጠፍጣፋ ነበር። ጠፍጣፋ ኬብል በክብ ጎማ አይታሸግም፤ ኬብሉን ቀየርኩ። ለወደፊት ብዬ የበሳሁት አንድ ትርፍ ቀዳዳ በመዝጊያ ታሸገ። ሳስበው ባልበሳው ይሻል ነበር።

ከታች ጥግ ላይ መተንፈሻና ማፍሰሻ አንድ ላይ የሆነ መሰኪያ ገባ። አየር ያሳልፋል፣ የተጠራቀመ ጠብታ ያስወጣል፣ ከውጭ የሚረጭ ውሃ አያስገባም። ሲገዛ የራሱ አይፒ ቁጥር ከቦክሱ እንዳያንስ ማየት ነው፤ ተራ ቀዳዳ በድሪል ከፍቶ መተው ቦክሱን ወደ ምንም ይመልሰዋል፣ ሸረሪትም ትገባለች።

ሳምንት 11

ሶኬቶች። ክዳን ያለው ሶኬት ላይ 66 ተብሎ ተጽፎ አየሁ። አጠገቡ በትንሽ ሥዕል ክዳኑ የተዘጋ መሆኑ ይታያል። ፕለግ ሲሰካ ክዳኑ አይዘጋም፤ ቁጥሩም የለም። ግራይንደር ደግሞ ሶኬት ውስጥ ሳይሰካ አይሠራም። ስለዚህ ለሁለቱ ከባድ ማሽኖች ሰማያዊውን ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት ወሰድኩ፤ ባለ 16 አምፒር። ሰማያዊ ቀለም ከ200 እስከ 250 ቮልት ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ 44 የሆነም 67 የሆነም አለ። 67ቱ ፕለጉ ላይ የሚጠመዘዝ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ካልተጠመዘዘ ቁጥሩ አይሠራም። ይሄን ለሚገለገል ሰው ሁሉ ማሳየት ያስፈልጋል።

ሳምንት 12

ኤሌክትሪሺያኑ ሜገር (የሽቦ ሽፋን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለማሳለፉን የሚለካ መሣሪያ) ይዘው መጡ። መስመሩ ከኤርዝ ጋር በ500 ቮልት ይፈተናል፤ ቢያንስ 1 ሜጋኦም መምጣት አለበት። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያለበትን ሁሉ ነቅለን ጀመርን። መብራቱ ከ200 በላይ። የግራይንደሩ መስመር ከ200 በላይ። ከመታጠቢያው አጠገብ የሚያልፈው አሮጌ ኬብል 0.3።

"ይሄን ቆርጠህ ጣለው" አሉ። ጫፉን ስቆርጠው የውስጡ መዳብ ጠቁሮ ነበር። ከአሮጌው ቦክስ የገባ ውሃ በሽፋኑ ውስጥ እየተሳበ አንድ ክንድ ያህል ሄዷል። አዲስ ቦክስ ላይ ያን ኬብል ብቀጥለው ኖሮ ጠዋት ጠዋት የሚወድቀው አርሲዲ ይመለስ ነበር፣ እኔም ቦክሱን እረግም ነበር። አዲስ ኬብል ተሳበ፤ ከ200 በላይ።

ከዚያ አርሲዲው። በ30 ሚሊአምፒር ከ300 ሚሊሰከንድ በፊት መውደቅ አለበት፤ በ31 ወደቀ። በ150 ሚሊአምፒር ከ40 በፊት፤ በ17 ወደቀ። ቁጥሮቹን ክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፍኩ፣ ከነቀኑ።

ሳምንት 16

ሁለት ከባድ ዝናብ አለፈ። አርሲዲው አልወደቀም፤ ቴስት ቁልፉን ስጫነው ብቻ ወደቀ።

ዛሬ አጥፍቼ ከፈትኩት። ያው ሶፍት በእያንዳንዱ ግላንድ ሥር አለ። አምስቱ ነጭ። ክዳኑ ደረቅ፣ ከመተንፈሻው አጠገብ ብቻ የደረቀ ጠብታ የተወው ክብ ምልክት አለ። በስተግራ ጫፍ ያለው ግላንድ ሥር ግን ሶፍቱ ላይ ቡናማ ቀለበት ወጥቷል፤ የመብራቱ ኬብል ነው። ግላንዱን በእጅ ሞከርኩት፣ ላላ ብሏል። ዳዶውን ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ አዲስ ሶፍት አደረግኩ፣ ዘጋሁት።